በመዳፍ ላይ ያለ ዓይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ድሮ አንድ ደብተር ዓመት ይቆየኝ ነበር፤ አሁን በአራት ወር ያልቃል። የምጽፈው ነገር በዝቶ ይሆናል… ባለቤቴ ግን «ፊደልህ እኮ የበር ማስታወቂያ አከለ» ትላለች። ትበል። መምህርት ናት። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ደብተር ስታርም ስለኖረች ፊደል ባየች ቁጥር እጇን ይበላታል።

ጠዋት ሻዬ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ሁለት ማንኪያ። እያየችኝ ነበር። ምን ላድርግ? ብተፋው «አላልኩህም!» ልትል ነው። «ጣፈጠህ?» አለች። «በጣም» አልኩና ጨለጥኩት። የጨውና የስኳሩን ዕቃ አንድ ዓይነት አድርጎ የገዛ ማን ነው? እኔ አይደለሁም።

ሥራ ቦታ ሰላም ነው። የብራና ክፍሉ እንደ ወትሮው ይቀዘቅዛል። ለመጻሕፍቱ ጤና ነው ይሉናል፤ የእኛን ጉልበት የጠየቀ የለም። አውደ ርዕዩ ኅዳር 6 ይከፈታል። ርዕሱ «አምስቱ ደጆች»። የጥንት መነኮሳት ብራና ላይ ሲሥሉ ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስን፣ መዳሰስን እንዴት እንዳሳዩ… ሃያ አራት ሥዕል፣ ሃያ አራት መግለጫ። ጸሐፊው እኔ። በዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሌላ ማን አለ?

አለቃዬ በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ አደራ አጭር ይሁን፤ ልጅም እንዲገባው» አለች። እኔ ሥር ስትለማመድ እርሳስ እቀርጽላት የነበረችው ናት። ዛሬ አለቃ ሆና አጭር ይሁን… እሺ።

አንድ ጨረስኩ። ፊቷ የጠፋው ቅድስት። ሥዕሉን ውሃም እሳትም አልነካውም። ሰው ነው ስሞ ስሞ የጨረሳት። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበረ አንባቢ ሥዕልን አይቶ ብቻ አይሄድም ነበር፤ ይስማል፣ ይዳስሳል። ቀለሙን በከንፈሩ ጠርጎ ወሰደው። «ፊቷ በፍቅር አለቀ» ብዬ ጻፍኩ። ወደድኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ተገኘ! ተገኘ!!

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

የስምንት መቶ ዓመቱ መጽሐፋችን፣ ቅጠል 17። አንድ መነኩሴ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ከላይ በወርቅ ቀለም መልአክ አለ። መነኩሴው መልአኩን «ያየዋል»፤ ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል። ይኼ እንኳ አዲስ አይደለም። ራእይ የሚያየውን ሰው ዓይኑን ከድነው የሣሉ ብዙ ናቸው። የሥጋ ዓይን ሲዘጋ የነፍስ ዓይን ይከፈታል ማለታቸው ነው።

ግን ቀኝ መዳፉ ላይ… ዓይን አለ! ጥቁር ብሌን፣ ዙሪያው ነጭ፣ እንዲያውም ሽፋሽፍት ያለው ይመስላል። መጽሐፉን ሃያ ሁለት ዓመት ሳገላብጠው አይቼው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት በየቅጠሉ መሃል የነበረውን መከላከያ ስስ ወረቀት ስላነሳን ይሆን ጎልቶ የታየኝ? ሠዓሊው ምን ማለቱ ነው? መዳሰስም ማየት ነው እያለን ነው! እጅ ታያለች እያለን ነው!

የድሮውን ዝርዝር መዝገብ ገለጥኩ። ፊደሉ ጉንዳን። ማን ነው እንዲህ አሳንሶ የጻፈው? ወረቀት ተወዶ ነበር እንዴ? አንድ ሁለት መስመር ታገልኩና ተውኩት። ስለ ዓይን የሚል ነገር ያለው አይመስልም።

ማጉያ መነጽር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አላወጣሁትም። በዓይኔ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ትወለውል ነበር። ደስታዬ አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ነይ እስኪ እዪ!» አልኳት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ (ብራና እንዳትነካ ያስተማርኳት እኔ ነኝ) ጎንበስ ብላ አየች።

«ቀዳዳ ነው» አለች።

ቀዳዳ! ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። ስለ ውስጣዊው ዓይን፣ ስለ አምስቱ የስሜት ደጆች፣ ሁሉም ደጅ ወደ አንድ ቤት እንደሚያስገባ… አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «እሺ ወንድሜ» አለችና መወልወያዋን አነሳች። ምስኪን። ሰው የሚያየው የለመደውን ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ የምታየው ስንጥቅና ቀዳዳ ነው፤ አልፈርድባትም።

አርብ፣ ጥቅምት 7

አለቃዬ ጮኸች። የእውነት ጮኸች፤ ያውም በብራና ክፍል በር ላይ!

በነገራችን ላይ፣ የብራና ክፍል ኃላፊ ሆና ብራና ያስነጥሳታል። ስለዚህ ከበሩ አታልፍም። በስልኬ አንስቼ አሳየኋት። «ጋሼ! ይኼ እኮ…» አለች። ወዲያው የአውደ ርዕዩን ርዕስ ቀየረች። «የምታይ እጅ» ሆነ። የስልኬ ፎቶ በትልቁ ፖስተር ላይ ይወጣል፣ ስሜም ከሥር ይጻፋል። «የእርስዎ ግኝት ነው» አለችኝ።

ግኝት… ባለቤቴን ነገርኳት። «እንኳን ደስ ያለህ። ርግጠኛ ነህ ግን?» አለች። ሰው ባሏን እንዲህ ይጠይቃል?

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ገበያ ወጣን። ልብስ ቤቱ በር ላይ የቆመች ሴት ፈገግ ብላ አየችኝ። የምናውቃት መሰለኝ። ባርኔጣዬን አንስቼ «እንዴት ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው?» አልኩ። ዝም። ደግሜ «ባለቤትሽስ?» አልኩ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። «አሻንጉሊት ናት» አለች በቀስታ። «የልብስ ማሳያ።»

መንገዱን ሙሉ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ዓይንህን ሐኪም ይየው» አለች። ዓይኔ ምንም አልሆነም፣ ዛሬ የሚሠሩት አሻንጉሊት ነው ከሰው የማይለየው አልኳት። «አውቶቡሱስ?» አለች። ባለፈው ወር የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከተማው ጫፍ ደርሼ ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ይኼ ደብተር ደግሞ ወረቀቱ ቆሻሻ ነው። ኅዳጉ ላይ፣ በተለይ ሐሙስ በጻፍኩት ገጽ፣ ግራጫ ግራጫ ነገር ተርመስምሷል። በላጲስ ባጠፋው ደስ ባለኝ… ተወው። ከእኔ በቀር ማን ያየዋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጣች። ሃያ ደቂቃ ስለምታይ እጅ ተናገርኩ። አፌ ተፈታ፤ እኔው ራሴን ገረመኝ። በመጨረሻ «ይህን ያህል ለምን ነካዎት?» አለችኝ። «ሙያዬ ነው» አልኩ። ዋሸሁ።

አባቴ ነው የነካኝ። እዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ጠራዥ ነበር። ቅጠል በአውራ ጣቱ ይቆጥር ነበር። አሽትቶ የበግና የጥጃ ብራና ይለይ ነበር። አንድ ገጽ ሲገለጥ ከድምፁ መድረቅ አለመድረቁን ይናገራል። ሰው ሁሉ «ምን ያለ ጥበበኛ!» ይለው ነበር። ጥበብ አልነበረም። አያይም ነበር። ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን አራት ዓመት ደበቀን። ሲታከም «ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ» አሉት። በሃምሳ አምስት ዓመቱ ጨለመበት።

እኔ ሃምሳ ሦስት ነኝ።

እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ሐኪም ዘንድ የማልሄደው በኩራቴ ብቻ አይደለም። እንደ አባትህ ነህ እንዳይለኝ ነው። ካልነገሩኝ ያልያዘኝ ይመስለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አውቃለሁ። ይኼንን ለማንም አልናገርም፤ ለእሷም ቢሆን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ባለቤቴ ቁርስ ላይ ድንገት «አባትህ ያኔ ቶሎ ቢታከሙ ኖሮ…» አለች። ከየት አመጣችው? ስለ እሱ ካወራን ዓመት አልፎናል። ሴትዮዋ ነቢይ ልትሆን ነው። ቀጥላም «ለረቡዕ ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች። ለራሷ ነው? ዓይኗን አሟት ይሆን? ልጠይቃት ሲገባኝ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። አሳፈረኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ሰው ልደበድብ ነበር።

ፎቶ አንሺያችን ብልጭታ (ስሙን የሚጠራው የለም) ሃያ አራቱን ሥዕሎች አንስቶ ጨርሷል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ በየቅጠሉ ሥር ነጭ ወረቀት እየከተተ፣ የጎረቤቱ ገጽ ጥላ እንዳይገባበት ተጠንቅቆ ነው የሚያነሳው። ቅጠል 17ን በትልቁ ስክሪን ከፈተልኝ።

ዓይኑ የለም።

«ዓይኑስ?» አልኩ።

«የማን?»

«የመነኩሴው!»

«ጨፍኗል እኮ ጋሼ።»

«የእጁን ነው የምልህ!»

ብልጭታ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። «እጁ… ዓይን አለው እንዴ?»

መዳፉ ላይ ነጭ ክብ ነገር ብቻ ቀርቷል። ነጭ ቀለም የቀባበት ይመስላል። አጠፋኸው አልኩት! ቆሻሻ መስሎህ በኮምፒዩተር ጠረግከው አልኩት! «እኔ አቧራ እንኳ አላጠፋም፣ ካላመኑ የመጀመሪያውን ልክፈትልዎ» አለ። «አንተ ዓይን አውጣ!» ብዬ ጮኽኩበት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ቤቱ ሁሉ የሳቀው። ብልጭታ አልሳቀም። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሰው ፊት ሌባ እንደተባለ ሆኖ ነው የወጣው።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ጠዋት መጀመሪያ መጽሐፉን ከፈትኩ። ዓይኑ ቦታው ላይ አለ! ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ስለዚህ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ታወቀ።

ለአለቃዬ ሁለት ገጽ የክስ ደብዳቤ ጻፍኩ። «የስምንት መቶ ዓመት ራእይ በአንድ ጠቅታ ሲጠፋ» ብዬ ጀመርኩ። እሷም «ሰኞ ሁላችንም መጽሐፉ ፊት እንገናኝ» አለች። እንገናኝ። ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ምን ብዬ ልጀምር…

ተሰበሰብን። አለቃዬ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ አለፈች። ብልጭታ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እትዬ ጥጉን ትወለውላለች። መጽሐፉን በክብር ገለጥኩ። «ይኸው!» አልኩ። ዓይኑ አለ። አለቃዬ ወደ ብልጭታ ዞረች። ብልጭታን ላብ አጠመቀው። «እምላለሁ፣ እኔ…» አለ።

እትዬ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ወንድሜ፣ ልንካው?» አለችኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እሺ አልኳት። ሄዳ እጇን ታጠበች። አደረቀች። ከብልጭታ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀቱን አነሳችና ቀስ አድርጋ ከቅጠሉ ሥር አስገባች።

ዓይኑ ጠፋ።

አወጣችው። ዓይኑ መጣ። አስገባችው። ጠፋ። እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ቅጠሉን ገለጠችው። ቀጣዩ ሥዕል… ነቢዩ በአህያዋ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ መልአክ ሰይፍ መዝዞ መንገድ የዘጋበት ታሪክ ነው። አህያዋ መልአኩን አየች፤ ነቢዩ አላየም። እንቢ ስትለው በዱላ ይደበድባታል። እና የአህያዋ ዓይን፣ ያ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሽፋሽፍታም ዓይን፣ በመነኩሴው መዳፍ ቀዳዳ ልክ ነው የተሣለው።

ሬዲዮ ላይ ሃያ ደቂቃ ያወራሁለት መንፈሳዊ ዓይን የአህያ ዓይን ነው።

አለቃዬ አስነጠሰች። ወይም ሳቋን በማስነጠስ ሸፈነችው። የድሮውን መዝገብ አምጡ አለች፤ ቅጠል 17ን ፈልጋ ጮክ ብላ አነበበች፦ «በመነኩሴው ቀኝ መዳፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በስተኋላ ያለው አህያ ይታይበታል። ጥንቃቄ፦ ዓይን እንዳይመስል።»

«ማን ነው የጻፈው?» አለ ብልጭታ።

አለቃዬ ፊርማውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ፊርማው የኔ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት።

ሁሉም ሲወጣ አለቃዬ ቀረች። ድምፅዋ የተማሪነቷን ጊዜ መሰለ። «ጋሼ፣ ፖስተሩ ከተማው ውስጥ ተለጥፏል። የእርስዎም የእኔም ስም አለበት። እስከ ሰኞ አንድ ነገር ካላገኘን አውደ ርዕዩን እሰርዘዋለሁ። ሰው መሳቂያ ከሚያደርገን…» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ክፍል «እሱን ጠይቁት» የተባልኩ ሰው ነኝ። ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ምንህን ብለው አልጠየቁኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ባለቤቴ ትምህርት ቤቷን አስፈቅዳ መጣች። ኮቴን ያዘችልኝ። «ቀጠሮው ያንቺ አይደለም እንዴ?» አልኳት። «የኔ ነው» አለች። «አንተ ነህ የምትታየው።»

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። «ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ» አለ።

«ከየቱ ላይ?»

«ከሰሌዳው።»

«የቱ ሰሌዳ?»

ባለቤቴ ሳል መጣባት። ሐኪሙ ወንበሬን ወደ ፊት ገፋ፤ ደግሞ ገፋ። ሦስተኛ ሲገፋ ሰሌዳው ጋ ደረስኩ መሰለኝ፣ ጉልበቴ ግድግዳ ነካ።

ከዚያ ጠብታ ጨመረ። በመብራት ዓይኔ ውስጥ ገባና ብዙ ቆየ። ያ ጊዜ… ስለ እሱ ምንም ቀልድ የለኝም። የባለቤቴን እጅ ይዤ ነበር። አባቴን አስብ ነበር። ስለ አባቴ የነገረችው እሷ ናት።

«የአባትዎ በሽታ የለብዎትም» አለ ሐኪሙ። «በየዓመቱ እየመጡ ይታያሉ። አሁን ያለው የዕድሜ ነው። መነጽር ግን ከአሥር ዓመት በፊት ያስፈልግዎ ነበር። እስከ ዛሬ እንዴት ኖሩ?»

አለቀስኩ። ጠብታው የፈሰሰ መስሎት መሐረብ ሰጠኝ። ባለቤቴ አወቀች። እጄን ጨበጠች።

አርብ፣ ጥቅምት 28

መነጽሬ ደረሰ።

መደርደሪያችን ላይ አቧራ አለ! የጨውና የስኳሩ ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንደኛው ላይ በትልቁ ጨው ተብሎ ተጽፏል። ልሙጥ ነው ስል የኖርኩት ሸሚዜ ባለ መስመር ነው።

ዞሬ ባለቤቴን አየኋት። ሳያት ጊዜ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አሥር ዓመት ሙሉ «ምንም አላረጀሽም» እላት ነበር፤ ከልቤ ነበር። «እንግዲህ ታየሁ» አለች። እጇን አነሳሁት። በዓይኖቿ ጥግ ብዙ ቀጫጭን መስመር አለ። ከሳቅ የመጣ ነው። በማን ስትስቅ እንደኖረች መጠየቅ አያስፈልግም። ቆንጆ ናት፤ ይኼን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም።

ከዚያ ወደ ሥራ። መጀመሪያ ብልጭታን ፈለግሁት። ሰው ሁሉ ባለበት ሰደብኩት፤ ሰው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት» አለ። አልተውም አልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኔን ነው፤ ችግሩ ዓይኔ ላይ ሆኖ ፎቶህን ደበደብኩ አልኩት። ያኔ ሳቀ።

ቀጥሎ እትዬ። «አንቺ የነገርሽኝ ዕለት ብሰማሽ…» አልኩ። «ሩብ ሰዓት አስተማርከኝ እኮ» አለች። «ስለ ውስጥ ዓይን ያወራኸው ደስ ብሎኝ ነበር። ቀዳዳ መሆኑ ግን አልቀረም።»

ሦስታችን ቅጠል 17 ላይ አቀረቀርን። ማጉያ መነጽሩንም ከመሳቢያው አወጣሁት፤ ከእንግዲህ ምን አፍራለሁ። ነጩን ወረቀት ከሥር አስገባንና ቀዳዳውን አየሁት። ጠርዙ ለስላሳ ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ነፍሳት የበሉት ቆዳ ቁስሉ ድኖ፣ ኋላ ብራና ሊሆን ሲወጠር የተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በብራና ላይ ብርቅ አይደለም። ከሥዕሉ በፊት ነበር ማለት ነው። ቀለሙ እስከ ጠርዙ መጥቶ ቆሟል። ይባስ ብሎ ቀዳዳውን የከበበ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር አለ! ሠዓሊው ቀዳዳውን አውቆ ነው መዳፉን እዚያ ያደረገው።

«አህያዋስ?» አለች እትዬ። «አንገቷን አየኸው? እንዲህ የሚጠመዘዝ አንገት የት አለ? እኔ አህያ አሳድጌያለሁ።»

እውነቷን ነው። የአህያዋ አንገት እንደሚጨመቅ ልብስ ተጠምዝዟል። ጭንቅላቷ ያለ ቦታው ወደ ላይ ተስቧል፤ ዓይኗ ቀዳዳው ሥር እንዲገባ ይመስላል። ሠዓሊው አውቆ ያደረገው ነው? ዓይኑን በጨፈነው መነኩሴ እጅ ውስጥ፣ ነቢዩ ያላየውን ያየችውን የአህያዋን ዓይን…

ልጮህ ነበር። አፌን ያዝኩ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል፤ አንድ ጊዜ ለቅሜያለሁ። «ይመስላል» አልኩ። «ርግጠኛ አይደለሁም።» ይኼን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፌ ያወጣሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ብልጭታ ጎንበስ ብሎ አየና «ይመስላል» አለ። እትዬ «ይመስላል» አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት። የማውቀውን፣ የማላውቀውን፣ ማን ቀድሞ እንዳየው። «ርዕሱ ይቆይ። ግን ሰው እንዴት ይረዳዋል?» አለች። መጽሐፉ መስታወት ውስጥ ነው፤ ማንም አይገልጠውም። ብልጭታ ሁለቱን ቅጠል በልኩ አትሞ ቀዳዳውን እበሳዋለሁ አለ። እትዬ ደግሞ «ሰዉ ራሱ ወረቀቱን ይክተት፣ ራሱ ያውጣ። ሲነግሩት የማይሰማ አለ» አለች። ሲነግሩት የማይሰማ ስትል ወደ እኔ አላየችም። ጨዋ ናት።

መግለጫውን በአንድ ጊዜ ጻፍኩት፦

«ይህ ዓይን አይደለም፣ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው የምትታየው አህያ መልአኩን ከነቢዩ ቀድማ አይታለች። ሠዓሊው አስቦበት ያደረገው ይመስላል፤ ርግጠኛ አይደለንም። ቀዳዳውን መጀመሪያ ያየችው የዚህ ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጸሐፊው ግን አላመናትም።»

አለቃዬ አነበበች። «አጭር ነው» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ብራናው ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ተከፈተ። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወረደ። ስለ ወርቁ፣ ስለ ፊቷ የጠፋው ቅድስት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም። ሰው ሁሉ የእትዬን ጠረጴዛ ከቧል። «አስገቡ… ጠፋ። አውጡ… መጣች!» ትላለች። አንዲት ትንሽ ልጅ «አህያዋ እያየችኝ ነው!» ብላ ጮኸች። አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። እኔም የራሴን ዘርግቼ አየሁ። የአባቴ እጅ ነው፤ እስከነ አውራ ጣቱ።

የሬዲዮዋ ጋዜጠኛ ደግማ መጣች። ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ስትዘረጋ «እሷን ጠይቂያት» አልኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ጸጥ ያለ ቀን ነው። ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄዳለች። መነጽሬን አድርጌ ደብተሬን ከመጀመሪያው ላነበው ከፈትኩ።

እውነትም የበር ማስታወቂያ። አንዱ መስመር ሌላው ላይ ይወጣል፤ አንዱ መስመር ላይ አራት ቃል እንኳ አይሞላም።

ግን ያ ኅዳጉ ላይ ያለው ግራጫ ነገር… ቆሻሻ አይደለም።

ጽሑፍ ነው። በእርሳስ፣ ደቃቅ፣ እኩል፣ የመምህርት ፊደል። እጇን የሚበላት ሴትዮ!

ከጨው ሻዬ አጠገብ፦ «ጨው መሆኑን አውቄ ነበር። ጎበዝ፣ ጨረስከው።» ዓይን አገኘሁ ብዬ ከጮኽኩበት ጎን፦ «ቀዳዳ ቢሆንስ?» ጥቅምት 9 ላይ፦ «አሻንጉሊቷ ልጅ የላትም።» ዝቅ ብሎ፦ «በላጲስ እንዳታጠፋ!» ብልጭታን የሰደብኩበት ገጽ ላይ የእርማት ምልክት አድርጋ «ከአሥር ሁለት። ይቅርታ ጠይቅ» ብላለች። ቀጠሮው ለማን እንደሆነ ግራ በገባኝ ገጽ ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ «ሞኝ!»

መጀመሪያ ተናደድኩ። የግሌ ደብተር እኮ ነው! ከዚያ እየሳቅሁ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ… ጥቅምት 17 ላይ ደረስኩ። እፈራለሁ ያልኩበት። ለእሷም ቢሆን አልናገርም ያልኩበት።

እዚያ እርሳሱን ጫን አድርጋ ጽፋለች። ወረቀቱ ጎድጉዷል፤ በጣቴ ስዳስሰው ይታወቀኛል።

«እኔም እፈራለሁ። ብቻህን አትፍራ።»

ሦስት ሳምንት እዚያው ነበር። በየቀኑ እጄን እያሳረፍኩበት እጽፍ ነበር።

ምን ላድርግ አሁን? ልንገራት? ልቆጣ? አይ። ልሠራ የሚገባኝን አውቃለሁ። ዛሬ አሳንሼ ነው የጻፍኩት፤ ኅዳጉንም ሰፋ አድርጌ ተውኩላት። እርሳሷን ቀርጬ ደብተሩ አጠገብ አኑሬዋለሁ።